ተራ የያዘ ስልቻ

ዐርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት። በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን እህሉ ነበር። ልጁ እናቱ ያሸከመችውን የጤፍ ስልቻ ከመጨረሻው ስልቻ ኋላ ያስቀምጥና ወደ ጨዋታው ይሮጣል። ስልቻው ተራ ይዞ ይቆያል። ባለቤቱ ውኃ ሊቀዳ ቢሄድ፣ ከብት ሊመልስ ቢወርድ ማንም አይነካበትም። ከፊቱ ስንት ስልቻ እንዳለ ቆጥሮ፣ የትኛው ሙሉ ኩንታል የትኛው ሩብ እንደሆነ በዓይኑ መዝኖ፣ መቼ መመለስ እንዳለበት የሚገምት ልጅ ጎበዝ ይባል ነበር። እሱ በዚህ አይታማም።

አንድ ነገር ግን ያናድደው ነበር። ሦስት ኩንታል ያመጣ ነጋዴ እህሉን ከአህዮቹ እያስወረደ ሳለ፣ ከሰልፉ ጭራ አንዲት ባልቴት አንድ ቁና ገብስ ይዘው ብቅ ይላሉ። ባለ ወፍጮው "እስቲ እርስዎ ይግቡ" ይላቸዋል። ልጁ ያጉረመርማል፤ ተራ ተዘለለ ብሎ ነው። ነጋዴው ግን የመጨረሻውን ጆንያ ሳያወርድ የባልቴቷ ገብስ ተፈጭቶ ያልቃል፤ ማንም በእሳቸው የተነሣ አንዲት ደቂቃ አልዘገየም። ይህ ነገር የገባው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ ጀርመን አገር፣ በበረዶ ሌሊት፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ።

ወደዚያ የወሰደው ደግሞ ቤተ ልሔም ነው።

በጋይንት ተወልዶ ያደገ ሰው ቤተ ልሔምን ለማስረዳት ብዙ አይደክምም፤ ለሌላው ግን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1955 ወጣቱ ተጓዥ ቶማስ ፓከንሃም እዚያ ሲደርስ ከውጭ ያየው ክብ፣ የሣር ክዳን ያለው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነበር። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በሣሩ ሥር ሌላ ቤተ ክርስቲያን አገኘ፤ በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ፣ አራት ማዕዘን፣ ጥንታዊ። ይህንንም ከአራት ዓመት በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ጻፈው። ድጓን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ ለሚማር ያገሬው ተማሪ ግን የቤተ ልሔም ክብር ከድንጋዩም በላይ ነው። ለቅኔ ዋሸራና ጎንጅ፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ እንደሚባለው ሁሉ ለድጓ ቤተ ልሔም ይባላል። ከሐረርም ይምጣ ከትግራይ፣ በድጓ መምህር ሊሆን የሚፈልግ ቤተ ልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። ከቆማና ከአጫብር ጋር ስሙ የሚነሣው የዜማ ስልትም የቤተ ልሔም ይባላል፤ አብዛኛው የአገሪቱ ካህን የሚያዜመው በዚሁ ነው።

የልጁ አጎት እዚያ ተምረው መሪጌታ ሆነዋል። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግበው፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ ቁራሽ ለምነው፣ ከውሻ ጋር ታግለው ነው የተማሩት። ድጓቸውን በገዛ እጃቸው ብራና ላይ ጽፈውታል። ልጁ ትንሽ ሳለ ያንን መጽሐፍ እንዳይነካ ይከለከል ነበር፤ ማየት ግን ይፈቀድለታል። ከሁሉ ያስገረመው ዋናው ጽሑፍ ሳይሆን በመስመሮቹ መካከል እንደ ጉንዳን የተረጩት ደቃቅ ፊደላትና ጭረቶች ነበሩ። ምልክቶች ናቸው። ጽሑፉ ቃሉን ይናገራል፤ ምልክቱ ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚደፋ፣ የት እንደሚርገበገብ ያመለክታል። ትውፊቱ ምልክቶቹን ያዘጋጁት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይላል። ከጭረቶቹ ሌላ ያሉት ደቃቅ ፊደላት በመቶ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ዜማው መጀመሪያ ከተገኘበት ቃል የተቆረጡ ምሕጻሮች ናቸው፤ ያንን ቃል በዜማው የማያውቅ ሰው ፊደሉን ቢያነበውም ምንም አይለውም።

ልጁ አድጎ ኮምፒውተር ተማረ። ለሁለተኛ ዲግሪው ምን ትሠራለህ ሲባል ያ መጽሐፍ ትዝ አለው፦ ኮምፒውተር የግእዝ የእጅ ጽሑፍ እንዲያነብ ማስተማር።

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ መንገዱን የጠረጉ ነበሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወርቁ ዓለሙ በአማርኛ ፊደል ላይ የመመረቂያ ጥናቱን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በ2019 ብርሃኑ በላይና ባልደረቦቹ 337,337 የአማርኛ መስመሮችን በምስል አሰባስበው ለተመራማሪው ሁሉ ክፍት አደረጉ፤ እነዚህ የኅትመት ፊደላት ናቸው። ቆይቶም ብርሃኑ የባሕር ዳር ተመራማሪዎች ካሉበት ቡድን ጋር ከ18ኛው እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ከተጻፉ የብራና ገጾች የተወሰዱ ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ መስመሮችን ይዞ መጣ። ከሁሉ በፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ነበር፤ ፊልሞቹ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ገብተው፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜ ልካቸውን ካታሎግ ሲያደርጉላቸው ኖሩ። አንድ ትውልድ ፎቶ ባያነሣ ቀጣዩ ትውልድ ለማሽን የሚያስተምረው ነገር ባላገኘ ነበር።

ሥራውን የጀመረው ግን በአንዲት የቤተ ሙከራ ዴስክቶፕ ነው። ማሽኗ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ ጠዋት ላይ መብራት ይሄዳል። ሁሉም ከዜሮ። እሱና ሁለት ጓደኞቹ በአንዲት ኮምፒውተር ሦስት ሥራ ይሠሩ ስለነበር ወረቀት ቆርጠው ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፉ፦ "እስከ ረቡዕ ማታ የእኔ ነው፣ እባካችሁ አታጥፉት።" ስሙን ባያውቁትም ያ ወረቀት የወረፋ ማስተዳደሪያ ነበር። አንድ ቀን ጽዳት የምትሠራዋ እኅት ወረቀቱን አንሥታ ጠረጴዛውን ወለወለችና መልሳ ለጠፈችው። እሱ ይህን እስከ ዛሬ በፍቅር ያስታውሳል።

ለዶክትሬት ጀርመን ሲሄድ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ክላስተሩ ነበር።

ክላስተር በአንድ ክፍል ውስጥ በመደርደሪያ የተደረደሩ፣ በፈጣን ኔትወርክ የተሳሰሩ ኮምፒውተሮች ስብስብ ነው፤ እያንዳንዱ ኖድ ይባላል። መነሻው የገንዘብ እጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር በናሳ የጎዳርድ ማዕከል 16 ተራ ኮምፒውተሮችን አያይዘው ቤዎልፍ ብለው የጠሩትን ሠሩ፤ የሱፐርኮምፒውተር ዋጋ ለማይቀመስለት ሁሉ በር ተከፈተ። ተጠቃሚው ኖዶቹን ዓይናቸውንም አያይም። ከሩቅ ሆኖ በኤስኤስኤች መግቢያው ኖድ ላይ ይገባል፤ አጭር ስክሪፕት ይጽፋል፦ አንድ ጂፒዩ፣ ስምንት ኮር፣ 32 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 24 ሰዓት። ከዚያ "ኤስባች" ብሎ ያስገባል። ማሽኑ ለሥራው፣ ጆብ ይሉታል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። በቃ፤ ስልቻውን አስቀመጠ፣ መሄድ ይችላል።

ወረፋውን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ስለርም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ገደማ በአሜሪካ ሎውረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ተጀምሮ ዛሬ ዓለምን አዳርሷል። በሰከንድ ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ስሌት በመሥራት የመጀመሪያ የተባለው፣ በ2022 ኦክ ሪጅ ላይ የተበሰረው ሱፐርኮምፒውተር ፍሮንቲየርም ጆብ የሚቀበለው በዚሁ ነው። አንድ የጋይንት ልጅ የሚጽፈው ትእዛዝና እዚያ የሚጻፈው ትእዛዝ አንድ መሆኑን ሲያውቅ ደስ አለው።

የመጀመሪያ ጆቡን ያስገባው ኅዳር ላይ ነው። እንዳይጎድልብኝ ብሎ የተፈቀደውን ጊዜ ሁሉ፣ 72 ሰዓት ጠየቀ፤ ሜሞሪውንም እጥፍ አደረገው። "ኤስኪው" ብሎ ቢያይ ከስሙ አጠገብ "ፒዲ" ተጽፏል፤ በወረፋ ላይ ማለት ነው። ከጎኑ ምክንያቱ አለ፦ "ፕራዮሪቲ"፤ ቅድሚያ ያላቸው ሌሎች አሉ። አንድ ቀን አለፈ። ሁለተኛው ቀን ላይ "ሪሶርስስ" ወደሚል ተለወጠ፤ ተራህስ ደርሷል፣ የጠየቅኸው ያህል ማሽን ግን ገና አልተለቀቀም ማለት ነው። ከእሱ ኋላ የገቡ ጆቦች ግን "አር" እያሉ ይሮጣሉ። ልክ እንደ ልጅነቱ አጉረመረመ።

አብራው የምትሠራ ባልደረባ ስክሪፕቱን አይታ "ሥራህ በእውነት ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለችው። አምስት ወይም ስድስት። "ታዲያ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት የሚሆን ክፍተት ቢገኝ 72 የጠየቀን ሰው ማን ያስገባዋል?" ይህን ጊዜ ባልቴቷ ከነ ቁናቸው ፊቱ ላይ ድቅን አሉ። ስለርም የሚያደርገው ያንኑ ነበር፦ ትልቁ ጆብ ብዙ ኖድ ባንድ ላይ እስኪለቀቅለት ሲጠብቅ፣ እሱን ሳያዘገይ ቀድሞ የሚያልቅ ትንሽ ጆብ ካለ በክፍተቱ ያስገባዋል። የሚሠራው ግን ሰው የጠየቀው ሰዓት እውነት ሲሆን ነው። ጆቡን ሰርዞ በስምንት ሰዓት መልሶ አስገባው፤ ሌሊቱን ተነሣለት።

ሌላውም ሕግ ለጋይንት ሰው እንግዳ አይደለም። ክላስተሩ ብዙ የተጠቀመን ሰው ቅድሚያ ይቀንሳል፤ ቀናት ባለፉ ቁጥር ደግሞ ያለፈውን እየቀነሰ ይተውለታል። ያልተጠቀመ ይቀድማል። ወንፈል ነው። ዛሬ አሥር ሰው እርሻህ ላይ ካዋልህ፣ ነገ የሰው እርሻ ላይ ሳትውል ሌላ አሥር አትጠይቅም።

ጥፋትም ሠርቷል። አንዴ ሥልጠናውን በስክሪፕት ሳያስገባ እዚያው መግቢያው ኖድ ላይ አስነሣው። መግቢያው የሁሉም በር ነው፤ እሱ ሲይዘው የሌላው ሰው ፋይል መክፈቻ እንኳ ተንቀራፈፈ። አስተዳዳሪው ሥልጠናውን አቋርጦ በትሕትና ጻፈለት። ሁለተኛው ደብዳቤ የበለጠ አሳፈረው፤ ትዕግሥት አጥቶ "ኤስኪው" በየሁለት ሰከንዱ ራሱን እንዲደግም አድርጎ ለሦስት ቀን ትቶት ነበር። እያንዳንዱ ጥያቄ ወረፋውን የሚያስተዳድረውን ያንኑ ፕሮግራም ያስጨንቃል። ባለ ወፍጮውን በየደቂቃው "ደረሰኝ?" እያሉ መጎተት እህሉን አያስፈጭም። ከዚያ ወዲያ ሁለት መስመር ጨመረ፦ ጆቡ ሲጀምር፣ ሲያልቅና ሲወድቅ ኢሜይል ይላክልኝ የሚሉ።

ሦስተኛው ጥፋት ማንንም አልጎዳም፤ እሱን ግን አስለቀሰው። 24 ሰዓት ጠይቆ ሥልጠናው 25 ሰዓት ፈለገ። ሰዓቱ ሲሞላ ስለርም አቆመው፤ ሞዴሉን በየመሐሉ የሚያስቀምጥ መስመር አልጻፈም ነበርና የአንድ ቀን ሥራ ባዶ ሆነ። የዚያን ምሽት አጎቱ ደወሉ።

"ዛሬም ወረፋ ላይ ነህ?"

"ዛሬስ ደርሶኝ ነበር አጎቴ። ሰዓቱ አለቀና ሁሉም ጠፋ።"

"የት እንደ ደረስህ ምልክት አላደረግህም?"

"አላደረግሁም።"

"እኛ እኮ ድጓ ስንጽፍ በየምሽቱ ያቆምንበትን እንቆጥር ነበር። መብራት የለ፣ ምን የለ።" ዝም አሉና ጨመሩ። "ለመሆኑ ስትጠብቅ የሌላውን ትሰማለህ?"

አልገባውም። እሳቸው አስረዱት። የኔታ ፊት ተራ ሲጠበቅ የቀደመው ተማሪ ይላል፤ የኔታ ያርሙታል፤ ተራ የሚጠብቀው እየሰማ የራሱን ስሕተት አስቀድሞ ያገኛል። ብዙውን የተማሩት በራሳቸው ተራ ሳይሆን በሌላው ተራ ነው። ልጁ ስልኩን ዘግቶ ስለዚህ ብዙ አሰበ። በክላስተሩ ላይ የሌላው ሰው ጆብ ቁጥርና ስም ብቻ ነው፤ ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደ ወደቀ አይታይም። በዚያው ሳምንት ከዚያችው ባልደረባው ጋር ሆኖ የጋራ ማስታወሻ ጀመረ፤ የወደቀ ጆብ ሁሉ ከነምክንያቱ ይጻፍበታል፦ ሜሞሪ አለቀ፣ ሰዓት አለቀ፣ የፋይል አድራሻ ተሳሳተ። በዓመቱ መጨረሻ አዲስ ገቢ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚያነቡት እሱን ሆነ።

እየሮጠ ያለን ጆብ መከታተል ግን ራሱን የቻለ ደስታ አለው። የውጤት ፋይሉን ከፍቶ በየዙሩ ማሽኑ ምን እንዳነበበ ያያል። ይህ ዓይነቱ ሞዴል ሲጀምር ዝም ይላል፤ ለየትኛውም መስመር ባዶ ነው የሚመልሰው፤ መናገር ከሚያስከትለው ስሕተት ዝምታው ይቀንሳልና። ልጁ መጀመሪያ ላይ የተበላሸ መስሎት ሊሰርዘው ነበር። ከዙሮች በኋላ አንድ ነገር ብቅ አለ፦ "፡"። ሁለት ነጥብ ብቻ፤ መስመር ሙሉ ሁለት ነጥብ። በብራና ላይ ቃል ከቃል የሚለየው እሱ ስለሆነ ከሁሉም የሚበዛው ምልክት እሱ ነው። ቀጥሎ "ወ" መጣ፣ "ለ" መጣ፣ "ዘ" መጣ። "አ" እና "እ"፣ "ተ" እና "ቱ" እየተምታቱ ቆዩ። ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ይመስል ነበር፤ ሌሊቱን ሳይተኛ ያየው ያንን ነው።

ድጓው ላይ ሲደርስ ግን ሥራው ተሰናከለ። ገጹን በመስመር የሚቆራርጠው ፕሮግራም በመስመሮች መካከል ያሉትን ምልክቶች አንዴ ከላይኛው፣ አንዴ ከታችኛው ጋር ይሰፋቸዋል። ሞዴሉም ደቃቆቹን ፊደላት ከቃሉ ጋር ቀላቅሎ ማንም ያልጻፈውን ግእዝ ያወጣል። መፍትሔ ያገኘ መስሎት እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ደመሰሳቸው። ንባቡ ጠራ፤ የስሕተቱ መጠን ወረደ፤ ለጉባኤ የሚቀርብ ጽሑፍም ወጣው።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የፊደላት የኮምፒውተር መለያ የሆነው ዩኒኮድ 4.1 ሲወጣ ለኢትዮጵያ የዜማ ምልክቶች አሥር ቦታ ተሰጥቷል፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደት፣ ቁርጥ። ዛሬ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ትክክለኛ ፎንት ካለ ድፋትን መጻፍ ይቻላል። ለዚህ የደከሙ ሰዎች ውለታቸው ትልቅ ነው። ቤቱ ተሠርቶ ተቀምጧል፤ ልጁ ግን ምልክቶቹን ሳያስገባ በር ላይ መልሷቸዋል።

ወረፋ ቢረዝምም ወፍጮ ቤቱ አገር ውስጥ ቢሆን ብሎ የተመኘበት ጊዜ ብዙ ነው። አፍሪካ ውስጥ ጅማሬው አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኬፕታውን ላይ ሥራ የጀመረው ሱፐርኮምፒውተር ለንጋው፣ ትርጉሙ በሴትስዋና አቦ ሸማኔ ነው፣ በሰከንድ ከአንድ ሺህ ትሪሊዮን በላይ ስሌት ይሠራ ነበር፤ ከደቡብ አፍሪካ ውጭ ያሉ አፍሪካውያን ተመራማሪዎችንም አገልግሏል። በ2018 ደግሞ የቁስ አካላትን ባሕርይ በኮምፒውተር የሚያጠኑ አፍሪካውያን በየሁለት ዓመቱ የሚሰበሰቡበት ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ተካሂዶ ነበር። እውቀቱ አለ፤ ጉጉቱ አለ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን እያንዳንዳቸው አንዳንድ ማሽን ገዝተው በየክፍላቸው ከሚቆልፉ አንድ የጋራ ክላስተር አቋቁመው ወረፋ ቢጋሩ እንደሚሻል እሱ ለሚሰማው ሁሉ ይናገራል። ወፍጮ በየቤቱ አይገዛም።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነገሩ ከምኞትም አለፈ። ደብረ ታቦር ያለ ጓደኛው ያነሣቸው የድጓ ገጾች ፎቶ በፍላሽ፣ በሰው እጅ፣ አዲስ አበባ ደርሰው ነው ወደ እሱ የተላኩት። ሁለት ወር ፈጁ። እሱ ጋ ሲደርሱ ክላስተሩ ላይ የጠበቁት አርባ ደቂቃ ነበር።

ስልክ ሲገኝ አጎቱን ደውሎ አገኛቸው። ከገጾቹ አንዱ የእሳቸው እጅ ጽሑፍ ነው፤ ማሽኑ አንብቦታል። አንድ መስመር አነበበላቸው፣ ቃል በቃል፣ ያለ ስሕተት። እሳቸው ሰሙ። ከዚያ በራሳቸው ድምፅ ያንኑ መስመር ከመጀመሪያው አነሡት፤ ቃሉ ያው ነው፣ ድምፁ ግን ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ መጨረሻው ላይ ተደፋ። የስልኩ መስመር እየተቆራረጠም ቢሆን ድፋቱ የት እንደሆነ ለየ።

"ያነበብኸውስ ልክ ነው" አሉት። "ምልክቶቹን ወዴት አደረግሃቸው?"

የሚመልሰው አልነበረውም። በዚያው ሌሊት ምልክት የሚደመስሰውን መስመር ከስክሪፕቱ አወጣ። ድፋትንና ቅናትን፣ ርክርክንና ሂደትን ለብቻቸው በእጁ እያመለከተ 200 መስመር እስኪያዘጋጅ ሦስት ሳምንት ፈጀበት፤ በጠረጠረው ቁጥር እየደወለ አጎቱን ይጠይቃል፣ እሳቸውም እያዜሙ ይመልሱለታል። ከዚያ ስድስት ሰዓት ጠይቆ፣ በየዙሩ የደረሰበትን እንዲያስቀምጥ አዝዞ ጆቡን አስገባ። ቁጥር ተሰጠው። ከጎኑ "ፒዲ" ይላል፤ ከፊቱ 31 ጆብ አለ። ኮምፒውተሩን ዘግቶ ተኛ።